የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አሸዋ በወንፊት

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የተቀደዱ መጻሕፍትን ጠግነን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መልሰናል፤ አጫጭር ልብ ወለዶችም አንብበናል። ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ግን አንድ መጽሐፍ ብቻውን ወሰደው፤ የሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451»። እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመ ሲሆን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት ማጥፋታቸው ቀርቶ መጽሐፍ የሚያቃጥሉበትን ዘመን ይተርካል። የነበረን አንድ ቅጂ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ በእንግሊዝኛ ጮክ ብለን እያነበብን፣ በአማርኛ እየተወያየን ዘለቅነው።

ልጆቹን የያዛቸው የባቡሩ ክፍል ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሞንታግ፣ በባቡር ሲሄድ የደበቀውን መጽሐፍ ከመነጠቁ በፊት የቻለውን ያህል በቃሉ ሊይዝ ይታገላል። የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ግን ከድምፅ ማጉያው እየጮኸ ያነበበውን ያጠፋበታል። ልጅ ሳለ ወንፊት በአሸዋ ልሙላ ብሎ ያለቀሰበት ቀን ትዝ ይለዋል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ላይ አስቆመችንና «መምህር፣ እኔም ሳጠና እንደዚሁ ነው» አለች። የቀረውን ሰዓት ስለ ስልካቸውና ስለ ጎረቤት ቴሌቪዥን ሲያወሩ አመሹ፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም።

ሰኔ ላይ ፍራንስዋ ትሩፎ ከመጽሐፉ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1966 የሠራውን ፊልም አየን። አጀማመሩ ግሩም ነው፤ ጽሑፍ የተከለከለበት ዓለም ስለሆነ የተዋንያኑ ስም እንኳ በድምፅ ይነገራል። ሞንታግ በጣቱ እየተከተለ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ»ን ሲጀምርም ክፍሉ ጸጥ አለ። ሞንታግ ሕይወቱን እንዲመረምር ያነቃችው ጎረቤቱ ክላሪስ ግን በልብ ወለዱ ሳንሰናበታት ድንገት የምትጠፋብን ልጅ ነበረች፤ በፊልሙ እስከ መጨረሻው ትኖራለች። አንድ ተማሪ «ካልጠፋችበት ምን አንገበገበው?» ብሎ ተቆጣ። በመጽሐፉ ሞንታግን የሚረዳው ሽማግሌው ፕሮፌሰር ፌበርም በፊልሙ የለም። እኔም ከልጆቹ ጋር ነኝ፤ ፊልሙ የሚያነብ ሰው ያሳየናል፣ መጽሐፉ ግን ገጹ ከአእምሮው ሲያመልጥ እኛም አብረነው እንድንጨነቅ ያደርገናል።

በልብ ወለዱ መጨረሻ ሞንታግ በቃላቸው መጽሐፍ ከያዙ ሰዎች ጋር ይቀላቀላል፤ የእሱ ድርሻ መጽሐፈ መክብብ ነው። አያቱ የቆሎ ተማሪ የነበሩ አንድ ልጅ ዛሬም ዳዊትን ያለ መጽሐፍ እንደሚደግሙ ሲነግረን፣ ለመጨረሻው ዓርብ ሁሉም የመረጠውን አንድ ገጽ በቃሉ ይዞ ሊመጣ ተስማማን። ያቺ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መክብብ ምዕራፍ 3ን መርጣ ነበር። ዓይኗን ጨፍና «ለመቅደድ ጊዜ አለው» ላይ ስትደርስ ጠፋባት። ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ «ለመስፋትም» አላት፤ ቀጠለች።