በቆቦ ውሃ ላይ አብራችሁኝ ለደከማችሁ ሁሉ

የመመረቂያ ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ዲፌንሱ አለፈ። ተመስገን። አልሐምዱሊላህ ላላችሁልኝም፣ ስለት ለተሳላችሁልኝም፣ እየደወላችሁ “እንዴት ሆነ?” ላላችሁኝም እግዜር ይስጥልኝ። የብዙዎቻችሁን ስልክ አላነሳሁም። አንድ በአንድ ከማወራ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ አብሽሩ።

ለማታውቁት፣ የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በቆቦ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ሲሰሟቸው ቀላል ናቸው። ውሃው ከየት ይመጣል? ዕድሜው ስንት ነው? ለመስኖ የምንስበው ይተካል ወይስ እየጨረስነው ነው? መልሱ ግን ከአንድ ትምህርት ክፍል አይገኝም። ለዚህ ነው የተማርኩበት ፕሮግራም ጂኦሎጂ ያጠናውን፣ ሲቪል ኢንጂነሩን፣ ኬሚስቷንና የግብርና ኢኮኖሚክስ ምሩቁን አንድ ክፍል የሚያስገባው። መጀመሪያ ሰሞን አንዱ የሚያወራው ለሌላው አይገባውም ነበር። በኋላ ግን ያለ እነሱ አንድ ምዕራፍ እንኳ አልጻፍኩም።

ጂኦሎጂ ያጠናኸው ወንድሜ፣ ሸለቆውን ያስነበብከኝ አንተ ነህ። ስምጥ ሸለቆው በአፋር በኩል ሲከፈት የደጋው ጠርዝ ተሰነጠቀ። በስንጥቆቹ መካከል ያለው መሬት ወደ ታች ወረደ። ቆቦም፣ ቦርከናም የተፈጠሩት በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ጎርፍ ከተራራው የባዛልት ፍርስራሽ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ደለል እያመጣ ሞላው። ዛሬ የምንስበው ውሃ ያለው እዚያ ሙሌት ውስጥ ነው። የሆርማትና የጎሊና ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ውሃቸው ወደ ጠጠሩ ይሰርጋል። ይሄን የቆቦ ገበሬ ያለ ካርታ ያውቀዋል፤ አንተ ደግሞ ገበሬውን ቁጭ ብለህ ስለሰማኸው ተባረክ።

እህቴ ኬሚስቷ፣ ናሙና መውሰድ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በዚያ በቆቦ ፀሐይ ጠርሙሱን ባልዲው ውስጥ አጥልቀሽ እዚያው ውሃ ውስጥ እንዳለ ትከድኚዋለሽ። አውጥተሽ ትገለብጪውና ወደ ብርሃን ታዪዋለሽ። አንዲት የአየር ፊኛ ካየሽ ደፍተሽ እንደገና ነው። ውሃ ውስጥ ቀለል ያለም ከበድ ያለም አቶም አለ፤ ትንሽ እንኳ ከተነነ ቀለል ያለው ውሃ ቀድሞ ስለሚሄድ የምንፈልገው ምልክት ይበላሻል። ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ቆላ ላይ ከዘነበው ይልቅ ከባዱ ኦክስጅንና ከባዱ ሃይድሮጅን ያንሰዋል። ስለዚህ በጠርሙሷ ያለው ውሃ ጉድጓዱ አጠገብ የዘነበ ይሁን ከላይ ከተራራው የመጣ ይናገራል። ዕድሜውን ለመገመት ደግሞ ትሪቲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ሃይድሮጅን አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተደረጉት የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች አየሩን በትሪቲየም ሞልተውት ነበር። በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጉድጓዱ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ፣ ያ ውሃ መሬት የገባው ከዚያ ዘመን በፊት ነው ማለት ነው። ይሄን ለገበሬዎቹ ስታስረጂ አንድ አባት “እንግዲያ የአባቶቻችንን ዝናብ ነው የምንጠጣው” አሉ። ጥናቱን ከዚህ በላይ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው የለም።

ሒሳቡን ያገዝከኝ ጓደኛዬ፣ የኔ መስክ አይደለም ብለህ ስታቅማማ የነገርኩህን ታስታውሳለህ? ዛሬም ፓምፕ ቴስት (ጉድጓዱን በፓምፕ እየሳቡ መፈተሽ) የምናነብበትን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ቻርልስ ታይስ ነው፤ ሰውየው ጂኦሎጂስት ነበር። ውሃ በመሬት ውስጥ የሚሄደው ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ በሚሄድበት ሕግ ነው ብሎ አሰበ። ሒሳቡን ግን የጠየቀው የሒሳብ ሰው የሆነውን ጓደኛውን ክላረንስ ሉቢንን ነው። ይሄ ሳይንስ ከጥንትም በትብብር የቆመ ነው። አንተም ከመጣህ በኋላ እኔ ለብቻዬ ያፈጠጥኩበት ግራፍ ትርጉም አገኘ።

የኢኮኖሚክሱ ወንድማችን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይለን ነበር። “የሽንኩርት ዋጋ ጠይቁ።” እኛ ስለ ዝናብና ስለ ድንጋይ ስናወራ እሱ ስለ ገበያ ያወራል። እውነቱን ነበር። ሽንኩርት ዋጋ ሲያወጣ ፓምፑ አያርፍም፤ ዋጋው ሲወድቅ ደግሞ ጉድጓዱ ፋታ ያገኛል። የውሃውን ከፍታ የሚያወጣውና የሚያወርደው ክረምቱና በልጉ ብቻ አለመሆኑን ያሳየኸን አንተ ነህ።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልምጣ። የፓምፕ ኦፕሬተር ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ሲያነበው እሱ መሆኑን ያውቃል።

ፓምፕ ቴስት ማለት ውሃውን ያለማቋረጥ በአንድ መጠን እየሳቡ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ስንት እንደወረደ መለካት ነው። መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው ይለካል፤ እየቆየ ይራራቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል። ሜትሩን ወደ ጉድጓዱ ትለቀዋለህ፣ ውሃ ሲነካ ጢጥ ይላል፣ ቁጥሩን ታነባለህ፣ ትጽፋለህ። ፓምፑ ከቆመ በኋላም ውሃው ሲመለስ መለካቱ አይቀርም፤ እንዲያውም ምርጡ መረጃ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኦፕሬተሩ ጋቢውን ደርቦ፣ የስልኩን መብራት ይዞ፣ ከኔ ጋር አነጋ። ውሃው ወደ ፓምፑ እየቀረበ ሲወርድ ከድምፁ ያውቃል። ሜትሩ ሳይነግረኝ እሱ “አሁን ወረደ” ይለኛል። ስለካው ልክ ነው።

ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ መላውን ወሎ አዳረሰ። የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ከኔ የባሰ አይታችኋል፣ ሰው ቀብራችኋል፣ ስለዚህ ስለ ጥናት ማውራት ያሳፍራል። ጉድጓዶቹ ውስጥ የከተትናቸው መለኪያዎች ጠፉ። ስልክ የለም፣ መንገድ የለም። ሥራው እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ቆቦ ስደርስ ይሄ ሰው አንድ የተማሪ ደብተር ሰጠኝ። ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ፣ ገመዱን በክንድ እየለካ፣ በቻለ ቁጥር የውሃውን ከፍታ ከነቀኑ ጽፎ ኖሯል። ማንም አላዘዘውም፤ የከፈለውም የለም። ለምን እንደጻፈው ስጠይቀው “ትመለሳለህ ብዬ ነዋ” አለኝ። ያ ደብተር በጥናቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሆኗል። ፈታኞቼ ፊት ከሁሉ አስቀድሜ ያሳየሁትም እሱን ነው። ወንድሜ፣ ውለታህን የምከፍልበት የለኝም፤ አላህ ከልጆችህ ይክፈልህ።

እማማ፣ እርስዎም አሉ። ማሽላውን እየፈተጉ፣ የትኛው ምንጭ በ77 እንደደረቀ፣ የትኛው እንዳልደረቀ፣ ሰው ከየት ድረስ ተነስቶ ወደ እርሱ እንደመጣ የነገሩኝ። ያልደረቁትን ምንጮች ካርታው ላይ ሳስቀምጣቸው ጂኦሎጂ ያጠናው ወንድሜ ካሰመረው ስንጥቅ አጠገብ ተሰለፉ። እንደዚያ ያለ መረጃ የትም መዝገብ ውስጥ የለም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ምርቃትዎ ደርሷል።

የቀራችሁትን ላልረሳ። አድቫይዘሮቼ፣ ከተለያየ ትምህርት ክፍል ሆናችሁ በኔ ጽሑፍ ላይ ስትከራከሩ ያኔ ጨንቆኛል፤ አሁን ግን ጽሑፉን ያቆመው ክርክራችሁ መሆኑ ገብቶኛል። የሚኒባስ ረዳቶች፣ ያንን የውሃ ናሙናና በረዶ የሞላውን ሳጥን ከቆቦ በሮቢት፣ በጎብዬ፣ በወልድያ፣ በመርሳ አድርጋችሁ ደሴ ድረስ ጥላ ውስጥ ይዛችሁልኛል። የየቀበሌው የውሃ ኮሚቴዎች፣ ቁልፉን አምናችሁ ሰጥታችሁኛል። እናቴ ደግሞ ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት እየተነሳች ጀሪካን ስትሞላ አሳድጋኛለች። ይሄን ትምህርት ለምን እንደመረጥኩ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ እሷ ናት።

ጥናቱ ላይብረሪ ገብቶ አቧራ እንዲጠጣ አልፈልግም። የእያንዳንዱን ጉድጓድ ውጤት በአጭሩ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ከጥምቀት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ቆቦ እንወርዳለን፤ ለየኮሚቴው እያስረዳን እንሰጣለን። ወሎ ላይ በውሃ የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ጂኦሎጂም ሁኑ ሶሲዮሎጂ፣ መረጃውን ከፈለጋችሁ ጻፉልኝ፤ የኦፕሬተሩን ደብተር ቅጂም ጨምሬ እልክላችኋለሁ፣ እሱ ፈቅዷል። ቆቦ ላይ የምታገኙን ደግሞ ከአቦል እስከ በረካ ቡናው በኔ ነው።