ሁለት ድንጋይና አንድ ብልጭታ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ። የጥንት ሰዎችን የሚያሳዩ ፊልሞች ስለ ማን ነው የሚናገሩት ብለን የጀመርነው ክርክር ሳይቋጭ ስለቀረ ከዚያው ልቀጥል። እኔ አሁንም ስለ እኛ ነው ባይ ነኝ። አዘጋጆቹ ተጨንቀው ያጠኑትን ተወውና ሳያጣሩ ያለፉትን ተመልከት።

እሳቱን እንውሰድ። ሰውዬው ሁለት ድንጋይ ያጋጫል፣ ብልጭ ይላል፣ ሣሩ ቦግ! ባልጩት ከባልጩት ቢጋጭ ግን ፍንጣሪው ወዲያው ስለሚበርድ ምንም አይዝም። ባልጩቱ መምታት ያለበት ፓይራይት የሚባለውን፣ ብረትና ድኝ ያለበትን ድንጋይ ነው፤ ፍንጣሪውም የሚያርፈው እንደ ደረቀ የዛፍ ፈንገስ ቶሎ በሚይዝ ነገር ላይ ነው። በእንጨት ከሆነ ደግሞ ደረቅ ዘንግ ለስላሳ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ባለ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ በመዳፍ ይሽከረከራል። የጉድጓዱ ጠርዝ በስለት ካልተሸረፈ ከእንጨቱ የሚፋቀው ዱቄት ይበተናል፤ ካልተጠራቀመ ሙቀት አይዝም። እንጨቱ ትንሽ ከረጠበም ሙቀቱ ውሃውን ሲያተን ያልቃል። ዱቄቱ ጠቁሮ ዘንጉ ከቆመ በኋላም መጨሱን ሲቀጥል፣ ያኔ ፍሙን እንደ ወፍ ጎጆ በተጠቀለለ ደረቅ ሣር ላይ ገልብጦ ቀስ አድርጎ እፍ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ሰከንድ የሚያልፈው ክብሪት የለመደ ሰው ነው።

የተዋንያኑ ጎብጦ መሄድም መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1908 ፈረንሳይ፣ ላ ሻፔል ኦ ሴን የተገኘውን የኒያንደርታል (ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የጠፋ የሰው ዘመድ) አጽም ያጠናው ማርሴለን ቡል ጉልበቱ የታጠፈ፣ አንገቱ ወደ ፊት የሰገገ ፍጡር አድርጎ አቀረበው። በ1957 ስትራውስና ኬቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደገና ሲመረምሩት አከርካሪውን አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ የጎዳው ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ጤነኛው እንደ እኛው ቀጥ ብሎ ይራመድ ነበር። ፊልሞች ግን ጎባጣውን ቶሎ አልለቀቁትም። ከእኛ የሚያንስ ሰው ማየት እንወዳለን፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ልብሱም እንዲሁ፤ ቆዳው ሳይለፋ፣ ጠርዙ ተቦጫጭቆ ይንጠለጠላል። ያልለፋ ቆዳ እኮ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይገተራል፣ ሲረጥብ ይበሰብሳል። ቀዳዳ ያለው የአጥንት መርፌ ደግሞ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የቆየ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ደካማው ወደ ኋላ የሚጣልበት ትዕይንት ነው። ኢራቅ፣ ሻኒዳር ዋሻ የተገኘው ኒያንደርታል ቀኝ ክንዱ የሰለለ፣ የግራ ዓይኑ አካባቢ በከባድ ምት የተጎዳ ነበር፤ ያም ሆኖ አጥንቱ ድኖ ብዙ ዓመት ኖሯል። ብቻውን እንዴት ይችላል? ለታመመ ጓደኛው ሥጋ ቆርጦ የሚያጎርስ የዋሻ ሰው ያለበት ፊልም ካጋጠመህ ስሙን ጻፍልኝ።

አክባሪ ወንድምህ