ለአብሮ አደጌ፣ ከሐረር

ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ማን ቀድሞ እንደጠፋ አንቆጣጠር፤ ሁለታችንም ስልክ አለን፣ ሁለታችንም ሰነፎች ነን።

ዛሬ ያስነሳኝ አንድ ፊልም ነው። «ራሽሞር» ይባላል፣ ዌስ አንደርሰን በፈረንጆቹ 1998 የሠራው። አሮጌ ነው ብለህ እንዳትስቅብኝ፣ ለእኔ ገና ትኩስ ነው። ማክስ ፊሸር የሚባል የ15 ዓመት ልጅ የሀብታም ትምህርት ቤት ውስጥ በነጻ ይማራል። የማይመራው ክበብ የለም፣ ፈተና ግን አያልፍም። እዚያው ሚስ ክሮስ የምትባል የሕፃናት አስተማሪ ትይዘውና ልቡን ታጠፋዋለች። ዓሣ ትወዳለች ብሎ በቤዝቦል ሜዳው ላይ የዓሣ ማሳያ ካልገነባሁ ይላል፤ በዚሁ ተባረረ። ለግንባታው ገንዘብ የሰጠው ቱጃር፣ ቢል መሪ የሚጫወተው ብሉም፣ ደግሞ እሱም ወደዳት። ከዚያማ ጦርነት ነው! ልጁ ሆቴል ክፍሉ ድረስ ንብ ይሰድበታል፣ ሰውዬው ብስክሌቱን በመኪና ይደፈጥጥበታል፣ ልጁ የመኪናውን ፍሬን ይቆርጥበታል። ፍሬን እኮ ነው፣ ሰው ሊሞት ነው፤ እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

አንተ ትዝ ያልከኝ ግን በሌላ ነው። ማክስ አባቱን «የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው» እያለ ያወራል። አባትዬው ፀጉር አስተካካይ ነው። አቦ፣ እዚህ ጋ ፊልሙን አቁሜ ብቻዬን ጮህኩ።

ያቺን የጁገል ልጅ «አባቴ የጅቡቲ ባቡር ነጂ ነው፣ ለዚህ ነው ሐረር የማይታየው» ያልካት አንተ አይደለህም? አባትህ ጋሼ ደግሞ መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ይውላሉ። ከፈረስ መጋላ የሚወርድ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ምን አስበህ እንደሆነ እስከዛሬ አይገባኝም። ዩኒፎርሟን ልታስጠብብ የመጣች ዕለት ጠረጴዛ ሥር ስትገባ ጋሼ «ና ውጣ፣ ሜትሩን ያዝልኝ» ብለው በጆሮህ ጎተቱህ። ፀጉርህ ላይ ክር፣ ጉልበትህ ላይ የጨርቅ ብጣሽ። እሷም ረጋ ብላ «ዛሬ ባቡሩ የለም እንዴ?» አለች። ጋሼ፦ «የቱ ባቡር?»

ማክስ በመጨረሻ ብሉምን ይዞ ፀጉር ቤቱ ይገባና አባቱን ያስተዋውቀዋል፣ ፀጉር አስተካካይ ነው ብሎ። ለእኔ ከንቡም ከፍሬኑም ይኼ ይበልጣል። ያልወደድኩለት አንድ ነገር፣ ሚስ ክሮስ ባሏ የሞተባት ሴት መሆኗን እያወቀ፣ ፊቱን የውሸት ደም ቀብቶ፣ መኪና ገጨኝ እያለ በመስኮት መግባቱ ነው። የእሷ ሐዘን ለእሱ የተውኔት መድረክ ብቻ ነው። ፊልሙም ይህን አይሸፍንለትም፤ ስቀህ ሳትጨርስ ታፍራለህ።

የጁገሏ ልጅ አሁን የራሷን ልጆች ዩኒፎርም እዚያው ጋሼ ዘንድ ታሰፋለች። የባቡሩን ነገር አንድም ቀን አልነገረቻቸውም። ባለፈው ስንገናኝ ግን «የባቡር ነጂው ልጅ የት ደረሰ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ቶሎ ጻፍልኝ፣ መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ትጠይቀኛለች።

ያንተው