ፍሊት ለምን አንሸጥም? ዕፅዋቱስ ለምን ዘገዩ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ካላችሁበት ይድረስ። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ቅር እንደተሰኛችሁብን አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ፊት ለፊት ነግራችሁኛል፤ አንዳንዶቻችሁ ዝም ብላችሁ ቀርታችኋል፤ የከበደኝም ይኸኛው ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ሱቃችን የተባይ መርጫዎችን ከመደርደሪያ አንስቷል። ለእንቁራሪት ሳጥን፣ ማለትም የቤት እንቁራሪት ከዕፅዋት ጋር ለሚኖርበት ሳጥን፣ የሚሆኑ ዕፅዋትንም አንድ ወር ለይተን ሳናቆይ አንሸጥም፤ ዋጋቸውም ከ12 ዶላር ወደ 16 ዶላር ከፍ ብሏል። ለተጉላላችሁት ይቅርታ። ውሳኔው ግን አይቀየርም፤ ምክንያቱን በቋንቋችን ላስረዳችሁ።

ችግሩን ታውቁታላችሁ። የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ብር ብለው ይወጡና የቡና ሲኒ ላይ ያርፋሉ። አይናከሱም፤ እንግዳ ፊት ግን ያሳፍራሉ። ከዕፅዋቱ አፈር ጋር ይመጣሉ፤ መስኮት ላይ ከተቀመጠ የአበባ ማሰሮም ይመጣሉ። እርጥብ አፈርና ሻጋታ ካገኙ ይራባሉ፤ የእንቁራሪት ሳጥን ደግሞ እርጥበት አይለየውም።

«መርጫውን ስጠኝና ልገላገል» ያላችሁኝን አልፈርድባችሁም። ነገር ግን እንቁራሪት ውሃ በአፉ አይጠጣም፤ በሆዱና በጭኑ ሥር ባለው ስስ ቆዳ ይመጠዋል፤ በቆዳውም ይተነፍሳል። አፈሩ ላይ ወይም ቅጠሉ ላይ የነፋችሁት ፍሊት ወደ ሰውነቱ ይገባል። አንድ ደንበኛዬ «ይህኛው እኮ ከአበባ የተቀመመ ነው» ብሎ ተከራክሮኛል። እውነቱን ነው፤ ፍሊቱ ውስጥ ያለው ፓይሬትሪን የተባለው ተባይ ገዳይ ከአበባ ይወጣል። ለዓሣና ለእንቁራሪት ግን መርዝ ነው። ልጃችሁ ስም ያወጣለትን እንስሳ የሚገድል ጠርሙስ ሸጬ የማገኘው ትርፍ ይቅርብኝ።

አንድ ወር የሚለውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዝንቡ ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል። ዕፅዋቱ ሲገቡ የድሮውን አፈር ከሥራቸው አጥበን በአዲስ እንተክላቸዋለን፤ ከዚያም አፈሩ ላይ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ድንች እናስቀምጣለን። ከሁለት ቀን በኋላ ድንቹ ሲገለበጥ፣ የዝንቡ ትል ካለ ከሥሩ ተሰብስቦ ይገኛል፤ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ቀሪው ሰውነቱ ውስጡን የሚያሳይ ነው። ካገኘን ቢቲአይ የተባለውን ባክቴሪያ በውሃ በጥብጠን አፈሩን እናጠጣዋለን። ይህ ባክቴሪያ በ1976 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ የተገኘ ሲሆን፣ የትንኝንና የእነዚህን ዝንቦች ትል ለይቶ ይገድላል። ድንቹን በየማሰሮው እየዞርኩ የምገለብጠው እኔ ነኝ። በርካሽ የሚሸጡት ትልልቅ መደብሮች ይህን ያደርጉላችኋል?

እግረ መንገዴን፣ «ተባይ ሸጠህልኛል» ተብዬ ዕቃ የተመለሰብኝ በስፕሪንግቴይል ምክንያት ነው። እነዚያ ነጫጭና የሚዘሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ሻጋታና የበሰበሰ ቅጠል ይበላሉ፤ ትንንሾቹ እንቁራሪቶችም እነርሱን ይበላሉ። እባካችሁ አትግደሏቸው።

ሳጥኑ በዝንብ የተወረረባችሁ ወደ ሱቅ አምጡት። እንቁራሪቱን እርጥብ የወረቀት ፎጣ ወደተነጠፈበት ዕቃ አዛውረን፣ ሳጥኑን ከደረቅ በረዶ በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንሞላዋለን። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛና ዝንቡን ያፍነዋል። እንቁላሉ ሊተርፍ ስለሚችል ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ 40 ዶላር የምናስከፍለው ለሁለቱም ጊዜ ነው። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ እጅ ያቃጥላል፤ ጋዙም በተዘጋ ክፍል ሰውን ያፍናል። ቤታችሁ አትሞክሩት።

«ተወደደብን» ላላችሁኝ፣ የአንድ ወር መብራት፣ የሠራተኛ ደመወዝና በየዓመቱ የሚጨምር ኪራይ እዚያ ዋጋ ውስጥ አሉ። ለይቶ ማቆያ ያደረግነው ክፍል ቀድሞ ዓሣ የምንሸጥበት ነበር። ይህን ሱቅ የከፈትኩት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቅሁ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ነው። ባንክ ብድር ሲከለክለኝ ተራችሁን ለቃችሁ የዕቁቡን ዕጣ ያስቀደማችሁልኝ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ከምታነቡት መካከል አላችሁ። በኮሮና ጊዜ በሩ ሲዘጋ በስልክ እያዘዛችሁ ያቆማችሁን እናንተ ናችሁ። ያን ውለታ የሚያውቅ ሰው በአራት ዶላር ይሸጣችኋል ብላችሁ እንዳታስቡ እለምናችኋለሁ።

ከውሳኔው በፊት ዕፅዋት ገዝታችሁ ዝንብ የወጣባችሁ፣ ደረሰኝ ባይኖራችሁም ኑ፤ ቢቲአዩን በነፃ ወስዳችሁ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቀሙበት። ቢጫውን የዝንብ ማጣበቂያ ከሳጥኑ ውጭ ብቻ ስቀሉት፤ ውስጥ ከሆነ እንቁራሪቱ ይጣበቅበታል። ያልተበሉ ፌንጣዎችንም ማታ አውጡ፤ የተኛ እንቁራሪት ይነክሳሉ። ፍሊት ነፍታችሁ ከሆነ ደግሞ እንቁራሪቱን ቶሎ አውጥታችሁ ክሎሪን በሌለው ውሃ አለቅልቁትና ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ለእኔም ደውሉልኝ፤ ወደ ሱቁ መምጣት ያቆማችሁም ብትሆኑ።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት