ነጩ ነጠላ ለምን ግራጫ ሆነ? የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በመስከረም መጨረሻ በተካሄደው የክበባችን የመጀመሪያ ስብሰባ 19 ተማሪዎች ተገኙ። አብዛኞቹ የያዙት የወላጆቻቸውን ስልክ ነበር። ወደ ሌላ ነገር ከመግባታችን በፊት እያንዳንዳቸው በዚያ ወር ያነሱትን አንድ ፎቶ እንዲያሳዩ ጠየቅኋቸው። ደመራ ገና ማለፉ ስለነበር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእሳት ፎቶ ነው። ግን በሁሉም ላይ እሳቱ ነጭ ሆኗል። ነበልባሉ አይለይም፣ ቀለሙ ጠፍቷል። ጨለማ መሀል የተለጠፈ ወረቀት ነው የሚመስለው።

«ቲቸር፣ የእማዬ ስልክ እኮ ጥሩ ካሜራ የለውም» አለችኝ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። መልሱን በቃል መንገር አልፈለግሁም። በሚቀጥለው ሐሙስ ሦስት ነገር ይዤ መጣሁ፦ ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ካፖርት፣ እና የክበቡን ብቸኛ ካሜራ። ካሜራው አንድ ወላጅ የሰጡን ያገለገለ ካሜራ ነው። አውቶ ላይ፣ ማለትም ብርሃኑን ራሱ እንዲመርጥ፣ አደረግነው። መጀመሪያ ነጠላውን፣ ቀጥሎ ካፖርቱን፣ በመጨረሻ ያልተቀባውን የክፍሉን የሲሚንቶ ግድግዳ አነሳን። ሦስቱንም በጣም ቀርበን፣ ፎቶው ውስጥ ሌላ ነገር እንዳይገባ አድርገን ነው ያነሳናቸው። ከዚያ ሦስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፈትናቸው።

ሦስቱም ግራጫ ናቸው። ነጠላው ግራጫ፣ ካፖርቱም ግራጫ። ልጆቹ ለአፍታ ዝም አሉ፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ፊቱ ያለው ነጠላ ይሁን ካፖርት አያውቅም። የሚያውቀው ስንት ብርሃን እንደገባ ብቻ ነው። የተሠራውም ያየውን ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ እንዲያወጣ ነው። ነጭ ነገር ሲበዛበት «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ያጨልማል። ጥቁር ሲበዛበት ደግሞ «አንሷል» ብሎ ያበራል። የደመራ ሌሊት አብዛኛው ፎቶ ጨለማ ነው። ስልኩ ጨለማውን ለማብራት ሲታገል እሳቱን አጠፋው። ስልኩ አልተበላሸም፣ ገምቶ ነው። ስክሪኑ ላይ እሳቱን ነክቶ ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ ብቻ ይበቃ ነበር። ያቺ ልጅ እዚያው ሻማ አብርታ ሞከረችው። ነበልባሉ ከነቢጫው፣ ከነሰማያዊ እግሩ ወጣ። የዓመቱ ሥራችን የጀመረው ከዚህች ሻማ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ለሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አልሠራንም። ይህ ጉዳይ ለእኛ ከሌላው በላይ የሚያስፈልግ ስለሆነ ነው። የእኛ ሰው በበዓል ነጭ ይለብሳል፣ ፊቱ ደግሞ ጠይም ወይም ጥቁር ነው። ካሜራው ነጩን ሲያይ ያጨልማል፣ ፊቱ አብሮ ይጠቁራል። ልጆቹ ከየቤታቸው የሰርግና የክርስትና አልበም አምጥተው አየን። የአያቶቻቸው ነጠላ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ዓይናቸው ግን የለም። ሌላም ነገር ነገርኳቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገር የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ሸርሊ ካርድ በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ተስተካክሏል ይባላል። ስለ ጥቁር ቆዳ የሚጠይቅ ለብዙ ዓመት አልነበረም። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ «እና አያቴ እዚህ ፎቶ ላይ የማትታየው በዚህ ነው?» አለ። ሙሉ በሙሉ በዚህ ነው ማለት አልችልም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ጥር 11 ጃንሜዳ ስንሄድ ሁሉም ሥራውን ያውቅ ነበር። ፎከሱንም ብርሃኑንም ፊት ላይ ማድረግ፤ ካልሆነም ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ። ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ግድ የለም፣ ሰውየው ይታይ። ከዚያ ቀን የመጡትን ፎቶዎች ስመለከት በጣም ደስ አለኝ። ዣንጥላ የያዘ ዲያቆን፣ ጸበል ፊቷ ላይ የተረጨ ሕፃን፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ። የሁሉም ዓይን ይታያል።

በመሀል ሌሎች ነገሮችም ሞክረናል። ደንባችን አንድ ወር ለአንድ ዘዴ ነው። ኅዳር ላይ የክፍሉን መስኮቶች በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍነን አንዲት የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ተውን። ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ የባንዲራው እንጨትና ባሕር ዛፎቹ ተገልብጠው ግድግዳው ላይ መጡ፣ ያውም እየተወዛወዙ። ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከላይ የመጣው ታች፣ ከታች የመጣው ላይ ያርፋል። የዓረቡ ሊቅ ኢብን አል-ሀይሠም ይህን የዛሬ 1000 ዓመት ገደማ አጥንቶታል። ልጆቹ ክፍሉ ራሱ ካሜራ መሆኑን ሲያዩ መውጣት አልፈለጉም፤ ደወል ተደውሎም ቆዩ።

ታኅሣሥ የሹተር ፍጥነት ወር ነበር፤ ሹተር ተከፍቶ ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው መዝጊያ ነው። በ1/1000 ሰከንድ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ እንደ ዶቃ ይቆማል። በ1/30 ደግሞ ካሜራውን ከሚያልፍ ታክሲ ጋር እያዞርክ ስታነሳ ሚኒባሱ ጥርት ብሎ መንገዱ ይፈሳል። ይህ ከባድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካነሳናቸው 60 ያህል ፎቶዎች አንድም አልሆነም። እጅ ይቆማል፣ ወይም ታክሲው ይቀድማል። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ልጅ ታክሲው ካለፈም በኋላ ማዞሩን አለማቆም እንዳለበት ገባውና ሆነለት። ትራይፖድ (የካሜራ ማቆሚያ) ስለሌለን ለማታ ፎቶ አሸዋ የሞላ ከረጢት አጥር ላይ አስቀመጥን። ለ15 ሰከንድ ክፍት ሲቆይ የመኪኖቹ መብራት ቀይና ነጭ ክር ሆነ።

የካቲት የፀሐይ ወር ስለሆነ ያለ ካሜራ ሠራን። የኬሚስትሪ መምህራችን ረድተውናል። እርድ በፋርማሲ አልኮል በጥብጠን፣ አጥልለን ወፍራም ወረቀት ቀባን። ሲደርቅ የኮባ ቅጠል ቁራጭና የጽድ ቀንበጥ አደረግንበት፣ በመስታወት ተጭነን ለጥቂት ሰዓታት ፀሐይ ላይ ተውነው። ፀሐይ ያገኘው ቦታ ይነጣል፣ ቅጠሉ የከለለው ቢጫ ይቀራል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ውሃ ሲነካው ቢጫው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። የጽዱ ቅርጽ እስከ ጫፉ ወጣ። እነዚህ ሥዕሎች ብርሃን ላይ ከቆዩ ይጠፋሉ። ስለዚህ ኤግዚቢሽን ላይ አልሰቀልናቸውም፤ ማየት የሚፈልግ ቢሮዬ መጥቶ ከፋይሉ ማየት ይችላል።

መጋቢት ላይ የመስኮት ብርሃን ተማርን። ሰውየው መስኮት ዳር ይቀመጣል፣ ብርሃኑን ወደ ፊቱ እንዲመልስ ከጨለማው ጎን ነጭ ስታይሮፎም ይያዛል። የተማርነው ግን ከብርሃኑ በላይ ነው። አንድ ልጅ ከግቢያችን ውጭ ቡና የሚያፈሉ እናት ሳይጠይቅ አነሳ። ተቆጡ፤ ልክ ነበሩ። ልጁ ፎቶውን ፊታቸው አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። በሳምንቱ ሄዶ «እማማ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ላንሳዎት» አለ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡለት። ፎቶውን አሳትሞ ሰጣቸው፤ አሁን ከረከቦቱ በላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ የክበቡ ደንብ ሆኗል፦ ከፎቶው በፊት ፈቃድ፣ ከፎቶው በኋላ ኮፒ።

ግንቦት ላይ በቤተ መጻሕፍቱ 38 ፎቶዎች አሳየን። ከእያንዳንዱ ሥር ያልተሳካው ሙከራም በትንሹ ታትሞ ተለጥፏል። ይህን ያሰቡት ልጆቹ ናቸው። ወላጆች ከጥሩዎቹ እኩል እዚያ ሲቆሙ አየሁ። የነጩ እሳት ፎቶም አለ፣ ከሻማዋ አጠገብ።

ለክረምቱ ሥራ ሰጥቻለሁ። እያንዳንዱ ልጅ በሰፈሩ አንድ ቦታ ይመርጣል፣ በየሳምንቱ እዚያው ቆሞ አንድ ፎቶ ያነሳል። ዝናቡን አንዴ በፈጣን፣ አንዴ በዘገምተኛ ሹተር እንዲሞክሩትም ተስማምተናል። ካሜራውን በተራ ይወስዳሉ፤ መዝገቡ እኔ ጋ ነው። አዲስ አባላት መስከረም ሲገባ ሐሙስ በ10 ሰዓት ፊዚክስ ላብራቶሪ መምጣት ይችላሉ። ስልክ ይበቃል። የማንም ቢሆን ይዛችሁ ኑ፣ ከደመራ ያነሳችሁት ፎቶ ካለም አትርሱ።