ስለዚያ «ሦስት ፍሬ ብቻ» ስለተባለው ድንጋይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ወር «በዓለም ላይ ሦስት ፍሬ ብቻ የሚገኝ ድንጋይ» ብላችሁ ስለ ፔይናይት አጭር ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ዋጋውም በካራት (የግራም አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው) 60,000 ዶላር ተብሏል። እኔ ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡና ጋር የማነብ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከበረ ድንጋይ ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። የጻፋችሁት ነገር ድሮ እውነት ነበር። አሁን ግን ጊዜው አልፎበታል። ያለፈበት ወሬ ደግሞ እኔ ቤት ድረስ እንግዳ አመጣብኝ።

እንግዳው ከሻኪሶ በኩል የመጣ ወጣት ነው። ድንጋዩን በጥጥ ጠቅልሎ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጦታል። የጋዜጣችሁን ቁራጭም አጣጥፎ ኪሱ ይዟል። «ማዘር፣ አራተኛው ይኼ ነው» አለኝ። ሳቄ መጣ። ፊቱን ሳይ ግን ዋጥ አደረግሁት። የመንገዱን ተበድሮ ነው የመጣው።

ድንጋዩ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ወደ ቡኒ ያደላል። ፔይናይትም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ልጁ ላይ አልፈርድም። አርተር ፔይን የሚባል እንግሊዛዊ የድንጋይ ነጋዴም የመጀመሪያውን ፍሬ ከበርማ (ከዛሬዋ ማያንማር)፣ ከሞጎክ ሲያገኝ ሩቢ የሚባለው ቀይ የከበረ ድንጋይ ነው ተብሎ ነበር ይባላል። ሞጎክ የሩቢ አገር ነዋ! ያቺ ፍሬ 1.7 ግራም ብቻ ነበረች። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገባች። በ1957 እ.ኤ.አ. እስከዚያ የማይታወቅ ማዕድን መሆኗ ታተመ፤ ስሟም ከሰውየው ስም ተወሰደ። አዋቂዎቹም ቢሆኑ በአንዴ አልጨረሱትም። በመጀመሪያው ምርመራ ውስጡ ያለው ዚርኮኒየም አምልጧቸዋል። ነገሩ የጠራው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፦ ካልሲየም፣ ዚርኮኒየም፣ አሉሚኒየም፣ ቦሮንና ኦክስጅን።

ቦሮን ለብዙ ሰው ባዕድ ስም ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ አንጥረኛ ነበር። ወርቅ ሲበይድ ነጭ ዱቄት በውሃ ለውሶ መገጣጠሚያው ላይ ይቀባል። እሳት ሲነካው እንደ ፈንዲሻ ያብጥና ቀልጦ መስታወት ይመስላል። ቦራክስ ነው፤ የቦሮን ዘር። ወርቅ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታዲያ አንዱ የቦሮን ልጅ በማንኪያ እየተቀዳ ሌላው በሙዚየም የሚቆለፈው ለምንድነው?

ምክንያቱ እንደገባኝ ይህ ነው። ቦሮን ውሃ የሚከተል ነገር ነው። ውሃ ያጥበዋል፣ ይዞት ይሄዳል፣ ሐይቅ ሲደርቅ እንደ ጨው አስቀምጦት ይቀራል። ቱርክ ከዓለም የቦሮን ክምችት አብዛኛውን የያዘችው እንዲህ ባሉ ጥንታዊ ሐይቆች ነው። ዚርኮኒየም ደግሞ ግትር ነው። ዚርኮን የሚባለው ማዕድን ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል፤ ውሃ በቀላሉ አያንቀሳቅሰውም። ሁለቱ የሚገናኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ሞጎክ ላይ ከታች ቀልጦ የወጣ ትኩስ ዐለት እብነ በረዱን ሲነካው ተገናኙ። ቀዩን ቀለም የሰጠው ትንሽ ክሮሚየምና ቫናዲየም ነው።

አሁን ወደ «ሦስት ፍሬ» ልመለስ። ለአሥርተ ዓመታት በእርግጥም የሚታወቁት ሦስት ብቻ ነበሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. የጊነስ ክብረ ወሰን መዝገብ ከዓለም ሁሉ ብርቅዬ የጌጥ ማዕድን ብሎት ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ሞጎክ አካባቢ ምንጩ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የወጣው ቁርጥራጭ በሺህ ይቆጠራል። የወሎ ኦፓላችንም እንዲሁ አይደለም እንዴ? ከ2008 እ.ኤ.አ. በፊት ወገል ጤናን በኦፓል ማን ያውቃት ነበር? በነገራችን ላይ ሞጎክ ውስጥ ማዕድን አውጪዎቹ ከጣሉት ጠጠር ላይ ድንጋይ የሚለቅሙ ሴቶች አሉ። የለቀሙትም የራሳቸው ነው። የብርቅዬ ድንጋይ ወሬ ስሰማ ቀድመው ትዝ የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

ከሺዎቹ የፔይናይት ቁርጥራጮች አብዛኛው ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ፣ ለቆራጭ የማይሆን ነው። ጥርት ያለና የተቆረጠ ፔይናይት አሁንም ብርቅ ነው። የጻፋችሁት ዋጋ ለእሱ ቢሆን እንጂ ለጠጠሩ አይደለም።

የልጁን ድንጋይ እንዴት እንደለየሁ ልንገራችሁ፤ ለሌላውም ይጠቅማልና። ክብደት አልረዳኝም። ፔይናይት የውሃን አራት እጥፍ ይመዝናል፤ ሩቢም እንዲሁ፤ ጋርኔት የሚባለው ቀይ ድንጋይም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጥንካሬውን ለማወቅ መጫር ደግሞ የሰው ድንጋይ ማበላሸት ነው፤ አላደርገውም። ዳይክሮስኮፕ የምትባል ሁለት መስኮት ያላት ትንሽ ቱቦ አለችኝ። ፔይናይትን ይዘህ ብታዞረው አንዱ መስኮት ሩቢ ቀይ ሲሆን ሌላው ቡኒ ብርቱካናማ ይሆናል። የልጁ ድንጋይ በየትም ባዞረው ሁለቱም መስኮት አንድ ቀለም ነው። ብርሃን ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚለካ ሪፍራክቶሜትር የሚባል መሣሪያ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ መስመር ብቻ አሳየ፤ ባዞረውም ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የጋርኔት ጠባይ ነው። ፔይናይት ሁለት አለው፤ 1.787 እና 1.816። ሁለተኛው እንዲያውም ከመሣሪያው ያመልጣል፤ የምንቀባው ፈሳሽ ከ1.81 በላይ አያስነብብም። የመጀመሪያው ግን ድንጋዩ ሲዞር ይንቀሳቀሳል።

«ጋርኔት ነው፣ ልጄ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

ቱቦዋን ሰጥቼው ራሱ አየ። ደጋግሞ አዞረው። ከዚያ ዝም አለ።

እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስለ ድንጋይ ስትጽፉ ዋጋውን ብቻ አታስቀድሙ። የት እንደሚገኝና በምን እንደሚለይ ሁለት መስመር ጨምሩበት። ፔይናይት ከሞጎክ አካባቢ እንደሚመጣ ጽፋችሁ ቢሆን ልጁ የአውቶቡስ ገንዘቡን አይበደርም ነበር።

ጋርኔቱን እኔ ጋ ትቶት ሄዷል። መሐሉ ላይ አንድ ስንጥቅ ነበረበት፤ እሱን አስወግጄ ቆርጬዋለሁ። 3 ካራት ወጥቶታል፤ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም አለው። የብድሩን ይሸፍንለት ይሆናል። ስልኩ አይሠራም። ይህን ካነበበ መጥቶ ይውሰድ፤ የቆረጥኩበትን አላስከፍለውም።

ከሰላምታ ጋር፤
ድንጋይ ቆራጯ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ