ስለ እናትሽ ተረከዝ

ጎንደር፣ ማራኪ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሽ ኖሬያለሁ። እናትሽ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው እንደ ተሰበረና ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተው አንቺ እንደምታስታምሚያቸው ትናንት ብሰማ፣ መካሱን ለሌላ ቀን ትቼ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ።

የእኔም እናት አምና እዚሁ እንዲሁ ተኝታ ነበር። «ልጄ ነርስ ናት» እያለች ለጠያቂ ሁሉ ትኮራብኝ ነበር፤ እኔ ግን በየሁለት ሰዓቱ ጀርባዋን እያየሁ፣ ክብደት የታሰረበት እግሯ ፍራሹ ላይ እንደ ረጋ፣ ካልሲዋን ለአራት ቀን ሳላወልቅ ቀረሁ። በአምስተኛው ቀን ሳወልቀው ተረከዟ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው፣ የጠቆረና የለሰለሰ ቦታ አገኘሁ፤ ተኝቶ ከመቆየት የሚመጣው የአልጋ ቁስል ነበር። የጠፋሁብሽ ከዚያ እፍረት የተነሣ ነው።

በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጨፈለቀ ሥጋ ደም ስለማይደርሰው በሰዓታት ውስጥ መጎዳት ይጀምራል፤ የተሰበረ አዛውንት ደግሞ ሕመሙን ፈርቶ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የተሰበረው እግር እንዴት እንደሚያዝ ሐኪሙን ጠይቀሽ፣ በየሁለት ሰዓቱ አቀማመጣቸውን ለውጪ፤ ሙሉ በሙሉ በጎናቸው ሳይሆን፣ የታጠፈ ጋቢ ከጀርባቸው አስደግፈሽ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበሉ። ወደ ላይ ስታወጪያቸው በአንሶላው አንሥታችሁ እንጂ ጎትታችሁ አይሁን። ትራሱን ከባታቸው ሥር አድርጊው፤ ተረከዛቸው ምንም ሳይነካ ይንጠልጠል። ከተረከዛቸው ሥር አድርጊው ብሎ ውሃ የተሞላ ጓንት የሚያቀርብልሽ ሰው አይጠፋም፤ አመስግነሽ መልሺው፣ ጫናውን አያነሣውምና።

የእኛ ቆዳ ቅላቱን ይደብቃል፤ በእጅሽ ጀርባ ዳስሺው፣ ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የለሰለሰ ከሆነ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። በቫዝሊን እንሽ ለሚሉ ዘመዶች፣ አጥንት ከቆዳ ሥር ጎላ ያለበትን ቦታ ማሸት የታመመውን ሥጋ ይብስ እንደሚጎዳው ንገሪያቸው። ጾም ነው ብለው እንቁላልና ወተት እንቢ እንዳይሉ የንስሐ አባታቸውን አስጠሪ፤ ይህን እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም። ቀዶ ሕክምናው እንዳይዘገይም በትሕትና ጠይቂ፤ የሚቻል ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሠራላቸው፣ ከአልጋ የሚነሡበት ቀን ይቀርባል።

ሐሙስ ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ዓርብ ጠዋት ተነሥቼ እመጣለሁ፣ ሌሊቱን አንቺ ትተኛለሽ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ካልሲያቸውን አውልቀሽ እዪና ደውዪልኝ።

ያንቺው ጠፊ